የስምንት ሰዓት ሐራራ

አባቴን ለልብ ቀዶ ሕክምና ወደ ህንድ ይዤው የምሄደው እኔ እንድሆን ሲወሰን ከሁሉም በላይ የደነገጥኩት እኔው ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ ሐዋሳ ነው የሚኖረው፤ ሚስቱ የመውለጃዋ ወር ተቃርቦ ስለነበር ጥሏት መሄድ አልቻለም። እናታችን ካረፈች አምስት ዓመት አልፏታል። የቀረሁት እኔ ነኝ። እንግሊዝኛ እችላለሁ፣ ባል የለኝም፣ ልጅ የለኝም፣ መሥሪያ ቤቴም ፈቃድ አይከለክለኝም። ወረቀት ላይ ከእኔ የተሻለ አስታማሚ አልነበረም።

ወንድሜ ግን የሚያየው ወረቀቱን ብቻ አልነበረም። አንድ ቅዳሜ ከሐዋሳ መጥቶ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ባለው ቤታችን ሳሎን ከአባቴ ጋር ሲነጋገሩ፣ ጓሮ ልብስ እያሰጣሁ በመስኮት በኩል ሰማሁት።

«አባባ፣ እሷ እኮ ራሷንም በቅጡ አልያዘች። ከሰዓት ከሰዓት የት እንደምትውል ጠይቀሃት ታውቃለህ?»

«የምትሄደው እሷ ናት» አለ አባቴ። «ይኸው ነው።»

አባቴ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው ነው። በወጣትነቱ ከጎጃም ተመድቦ አርባ ምንጭ መጣ፣ እዚሁ አገባ፣ እዚሁ ወለደ፣ እዚሁ ጡረታ ወጣ። እሱ ነገር ካሳጠረ ክርክሩ አልቋል ማለት ነው። እኔ ግን የያዝኩትን አንሶላ ሁለት ጊዜ ሰቅዬ ሁለት ጊዜ አወረድኩት።

ወንድሜ አልዋሸም። እኔ የመስኖ መሐንዲስ ነኝ። ከኩልፎ ወንዝ ወደ ሙዝና ማንጎ ማሳዎች የሚሄዱትን ቦዮች እከታተላለሁ። ጠዋት ጠዋት ጫማዬ ጭቃ እስኪሞላ ከቦይ ቦይ እዞራለሁ፤ ሥራዬን የሚነቅፍ ሰው አልነበረም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን ግን ሌላ ሰው እሆናለሁ። ሲቀላ በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ ግቢ ጀርባ፣ ከሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር የተከራየናት ክፍል ነበረች። ፍራሽ፣ ትራስ፣ የውኃ ጆግ፣ አንድ ሰሃን ኦቾሎኒ። እዚያ ገብቼ እስኪመሽ ጫት እቅማለሁ። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ ለፈተና ማጥኛ ብዬ ነው የጀመርኩት። ከዶርም ጓደኞቼ አብዛኞቹ ሲመረቁ ተዉት። እኔ ዲግሪውንም ጫቱንም ይዤ ወጣሁ።

ሴት ሆኖ መቃም ደግሞ ከመቃሙ በላይ መደበቁ ያደክማል። ወንዶቹ ጉንጫቸውን ወጥረው በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ፤ ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም። እኔ የተረፈውን ገራባ እንኳ በጋዜጣ ጠቅልዬ በቦርሳዬ ይዤ ወጥቼ ሩቅ ቦታ ነበር የምጥለው። ቤት ስገባ ጥርሴን ሳልቦርሽ ከአባቴ ጋር አልነጋገርም።

ለመተው ሞክሬ ነበር፤ ሦስት ጊዜ። ሦስቱም ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ቀን እንቅልፍ ነው። ሁለተኛው ቀን ንዴት ነው። ሦስተኛው ቀን ዱካክ ይመጣል፤ ዱካክ የምንለው ጫት የጎደለበትን ሰው በእንቅልፉ ይዞ የሚያስጨንቀውን ቅዠት ነው። በአራተኛው ቀን ፍራሹ ላይ ነኝ።

አዲስ አበባ ያየው ሐኪም የአባቴ የልብ ደም ቧንቧዎች ሁለት ቦታ ላይ መጥበባቸውን ነገረን። እዚህ ወረፋው ረጅም ስለነበር፣ ዘመድ ወዳጅ ተረባርቦ ቼናይ ወደምትባል የደቡብ ህንድ ከተማ እንድንሄድ ተደረገ። ሐኪሙ ከእግሩ ላይ ደም ሥር ወስደው በጎን መተላለፊያ እንደሚሠሩለት ሲያስረዳ ለእኔ ለመረዳት አልከበደኝም። ቦዩ ተደፍኗል፤ በጎኑ ሌላ ቦይ ይቀደዳል። የከበደኝ ሌላው ነበር። ህንድ ውስጥ ጫት በሕግ የተከለከለ ነው። ቢያንስ አንድ ወር እዚያ እንቆያለን።

ስድስት ሳምንት ነበረኝ። ቀስ በቀስ እቀንሳለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ። የመጀመሪያውን ሳምንት ቀነስኩ። ሁለተኛውን ሳምንት፣ ቪዛው ዘገየና ተጨነቅሁ ብዬ፣ የቀነስኩትን መልሼ ጨመርኩት። ስድስተኛው ሳምንት ላይ ከበፊቱ የባሰ እቅም ነበር።

ጫት የምገዛት ሴትዮ ሲቀላ መናኸሪያው አጠገብ ነው የምትቀመጠው። አፏን የፈታችው በጋሞኛ ስለሆነ አማርኛዋ ላይ አንዳንዴ አንቺ እና አንተ ይቀያየሩባታል። እንደምሄድ ስነግራት ሳቀች።

«ምን ትፈራለህ? ይደርቃል፣ ይፈጫል። ከሽፈራው ዱቄት ጋር ማን ይለየዋል?»

ሽፈራው በእኛ አገር በየግቢው ያለ ዛፍ ነው። ቅጠሉ ይበላል፤ ደርቆ ተፈጭቶም እንደ ሻይ ይጠጣል። ከአርባ ምንጭ ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ሰው ለዘመድ የሚወስደው አንድም ሙዝ፣ አንድም የሽፈራው ዱቄት ነው። አባቴም ለደም ግፊቴ ይረዳኛል ብሎ ከግቢያችን ዛፍ ቅጠል ለቅሞ፣ በጥላ አድርቆ፣ በእጁ ወቅጦ በላስቲክ ከረጢት አዘጋጅቶ ነበር። እኔም የራሴን ከረጢት አዘጋጀሁ። ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው፣ ሁለቱም አንድ ያክላሉ። የእኔ ላይ በእስክሪብቶ ትንሽ ነጥብ አደረግሁና ሁለቱንም በትልቁ ሻንጣ ልብስ መሐል ቀበርኳቸው። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ብቻ ነው፣ አባባ ከቀዶ ሕክምናው እስኪወጣ ነው፣ ከዚያ እተዋለሁ እያልኩ። ልቤ ግን ውሸት መሆኑን ያውቅ ነበር።

በአውሮፕላን አዲስ አበባ ገብተን ሁለት ቀን አክስቴ ቤት አረፍን። በጉዟችን ቀን ትልልቆቹን ሻንጣዎች አስረክበን፣ የእጅ ቦርሳችንን ብቻ ይዘን ወደ ፍተሻው ሰልፍ ገባን። አባቴ መራመድ ስለሚያደክመው ክንዱን ይዤዋለሁ። ከፊታችን ሰባት ስምንት ሰው ቢሆን ነው። አባቴ ቦርሳውን በእጁ መታ መታ እያደረገ ፈገግ አለ።

«ሽፈራዬን ከሻንጣሽ አውጥቼ እዚህ ነው ያደረግኩት» አለኝ። «የህንድ ሐኪሞች ቅጠል ያውቃሉ አሉ። ለሐኪሙ አሳየዋለሁ።»

«የትኛውን ከረጢት?» አልኩት።

«ሁለቱንም። አንቺም ጨምረሽልኝ ኖሯል። ላስቲኩ እንዳይቀደድ ብዬ አክስትሽ የሰጠችኝ ቆርቆሮ ውስጥ ገለበጥኩት። አንድ ላይ ልክ ሞላ።»

ሰልፉ አንድ ሰው ወደፊት ተንቀሳቀሰ፤ ከኋላችን ያለው ሰውዬ «ቀጥሉ እንጂ» አለ። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነበር። አባቴን ቼናይ አየር ማረፊያ ውስጥ፣ በእነዚያ የደከሙ እግሮቹ ቆሞ፣ ቆርቆሮው ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ፣ በማያውቀው ቋንቋ ሲጠየቅ። እሱ ደግሞ በኩራት «ሽፈራው ነው፣ ራሴ ነኝ ያዘጋጀሁት» ሲላቸው።

«አባባ፣ ከሰልፉ እንውጣ።»

«ምን ሆንሽ? አመመሽ?»

«እንውጣ በቃ።»

ግድግዳው አጠገብ ያለ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ፊቱ ላይ ላብ ነበረ። እኔ አልተቀመጥኩም፤ እፊቱ ቁጢጥ አልኩና ጉልበቱን ያዝኩ። አሥራ አንድ ዓመት የደበቅሁትን ለመናገር አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም።

«አንዱ ከረጢት ሽፈራው አይደለም። ጫት ነው። የእኔ ነው። እቅማለሁ አባባ። ያለ እሱ መዋል አቅቶኝ ነው የያዝኩት።»

አባቴ ቆርቆሮውን ከቦርሳው አውጥቶ ክዳኑን ከፈተ፣ ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተ፣ ዘጋው።

«ስንት ዓመት ሆነሽ?»

«አሥራ አንድ።»

«እኔ አሥር መስሎኝ ነበር» አለ።

ያኔ ነው ያለቀስኩት። ሲናገረኝ አይደለም፣ ሲቆጥር እንደኖረ ሲገባኝ።

«ለምን ዝም አልክ?» አልኩት።

«አንቺ ለምን ዝም አልሽ?» አለኝ። ከዚያ ቆርቆሮውን ሰጠኝ። «መለየት ይቻላል?»

«አይቻልም። አንድ ላይ ተቀላቅሏል።»

«እንግዲያው ሁሉንም ድፊው። ቶሎ በይ፣ አውሮፕላኑ አይጠብቀንም።»

ሴቶች መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። አባቴ ወር ሙሉ የለፋበትን ሽፈራው ከእኔ ጫት ጋር ገለበጥኩት። ውኃው አረንጓዴ ሆነ። ሦስት ጊዜ ለቀቅሁበት። ቆርቆሮውን በሶፍት ጠርጌ ልጥለው ስል ጣቶቼ ላይ የቀረውን ዱቄት አየሁ። ስምንት ሰዓት አልፎ ነበር። ከፊሉ ሽፈራው ቢሆንም ከፊሉ ግን ጫት ነው። ጣቴን ልልሰው ምንም አልቀረኝም። ከንፈሬ ላይ ደርሷል። ደጅ ላይ አባቴ ብቻውን ተቀምጧል ብዬ ሳስብ በሩን በክርኔ ከፍቼ ወጣሁና እጄን በሳሙና እስከ ክርኔ ታጠብኩ። አጠገቤ የቆመች ሴት በመስታወቱ ውስጥ ተገርማ አየችኝ።

አውሮፕላኑ ውስጥ አባቴ እንደ ተማሪው አድርጎ ጠየቀኝ። መጀመሪያ ምን ይመጣል? ቀጥሎስ? ስንት ቀን ይቆያል? እንቅልፉን፣ ንዴቱን፣ ዱካኩን ነገርኩት። ጣቱን እያጠፈ ሰማኝ።

«ቀዶ ሕክምናው የሚሆነው ከአምስት ቀን በኋላ ነው» አለ። «የአንቺ በሽታ ቀድሞ ያልፋል ማለት ነው። አንድ ነገር ብቻ አድርጊ። እዚያ ስንደርስ ለሐኪሞቹ ንገሪያቸው። እኔ ራሴን ስስት አጠገቤ የምትሆኚው አንቺ ነሽ። በምን ሁኔታ ላይ እንዳለሽ ይወቁት።»

ቼናይ ሙቀቷ ከአርባ ምንጭ ይከፋል እንጂ ዓይነቱ አንድ ነው። አባቴ ከመኪናው እንደወረደ «ጫሞ ሐይቅ ዳር የወረድን አይመስልም?» አለ። በሆስፒታሉ የመጀመሪያ ቀን ምርመራው ሲያልቅ የክፍሉን ዋና ነርስ ለብቻሽ ላናግርሽ አልኳት። ጸጉሯ የሸበተ፣ ንግግሯ ቁጥብ የሆነች ሴት ናት። በእንግሊዝኛ «ሱሰኛ ነኝ» የሚለውን ከዚያ በፊት አፌ ብሎት አያውቅም፤ በአማርኛም ብሎት አያውቅም። ነርሷ አልደነገጠችም። ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ቅጠል ነው አልኳት። ከስንት ሰዓት በፊት እንደወሰድኩ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ልክ መድኃኒት የማይስማማው በሽተኛ እንደሚመዘገብ አድርጋ ጻፈችው።

«መጀመሪያዎቹን ቀናት ተኚ» አለችኝ። «ውኃ ጠጪ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ግን ትፈለጊያለሽ። ያኔ ተኝቼ ነበር ማለት የለም።»

ከሆስፒታሉ አጠገብ በተከራየናት የእንግዳ ማረፊያ ክፍል ውስጥ ለሦስት ቀን ታማሚዋ እኔ ሆንኩ። የልብ በሽተኛው አባቴ ወርዶ በሙዝ ቅጠል የሚቀርበውን ምግብ በልቶ ለእኔም በሳህን ይዞልኝ ይመጣል። በሁለተኛው ቀን የማራገቢያው ድምፅ ጭንቅላቴን ሊሰነጥቀው ደረሰ። አባቴ ሙቀቱን አልቻልኩትም፣ አይጥፋ አለኝ። ከአልጋው ዘልዬ ተነሣሁ።

«በአንተ ምክንያት እኮ ነው እዚህ የታሰርኩት!» ብዬ ጮህኩበት።

አባቴ ቀስ ብሎ ተነሥቶ ወጣ። በሩ ሲዘጋ ነው ያልኩትን የሰማሁት። ተከትዬው ስወጣ ኮሪደሩ መሐል ግድግዳውን ተደግፎ ትንፋሹን ሲሰበስብ አገኘሁት።

«ይቅርታ አባባ።»

«ሁለተኛው ቀን ነው» አለኝ። «ነግረሽኝ የለ።»

በሦስተኛው ቀን ዱካኩ መጣ። የኩልፎ ቦይ ተደርምሶ ውኃው አባቴን ሲወስደው አያለሁ፤ እጄን መዘርጋት ግን አልችልም። መጮሄን የማውቀው አባቴ ትከሻዬን ይዞ ሲቀሰቅሰኝ ነው። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አራት ጊዜ ቀሰቀሰኝ። አራቱንም ጊዜ ውኃ ሰጠኝ፣ አራቱንም ጊዜ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ።

በአራተኛው ቀን የምመለስበት ፍራሽ አልነበረም። ተነሥቼ ገላዬን ታጠብኩና የአባቴን ልብሶች አጠብኩ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት አባቴን ተሽከርካሪ አልጋ ላይ አድርገው ወሰዱት። ከበሩ ሳይገባ «ወንድምሽ ቢደውል ደህና ነው በይው፤ ገና ነው አትበይው» አለኝ። የመጠበቂያው አዳራሽ ብርዱ ያንዘፈዝፋል። ሰዓቴን ወደ ቼናይ አስተካክዬ ነበር፤ ሰውነቴ ግን የሚቆጥረው የሲቀላን ነው። ቼናይ ከእኛ በሁለት ሰዓት ተኩል ትቀድማለች። እዚያ አሥር ሰዓት ተኩል ሲል፣ እኛ አገር ስምንት ሲሞላ፣ ምራቄ ይመጣል፣ መንጋጋዬ ባዶውን ያላምጣል፣ እጄ የሌለ ቅጠል ይፈልጋል። ሐራራ ማለት ይኸው ነው። ሰዓት አይሳሳትም።

አጠገቤ ሚስቱን የሚያሳክም ኢትዮጵያዊ ተቀምጦ ነበር። ከምሥራቅ በኩል የመጣ፣ ጥርሱ እንደ እኔው የበለዘ ሰው። በማረፊያው ደረጃ ላይ ሰላም ተባብለን እናውቃለን። አገጬን አየና ሳቅ አለ።

«እኅቴ፣ አንቺም?» አለኝ።

«አምስተኛ ቀኔ ነው» አልኩት።

«እኔ አሥራ ሁለተኛዬ። እንቅልፍ ገደለኝ ብዬ ነበር። ማዞሪያው ላይ ካለው መድኃኒት ቤት የሚያነቃ ኪኒን አለ፤ ከጫት ይበልጣል። ሚስቴን ማስታመም የቻልኩት በእሱ ነው።»

ክፋት አልነበረውም። ያለውን ነው ያካፈለኝ። አመሰግናለሁ አልኩት። ቀኑ ወደ ማምሻው ሲቃረብ ሐኪሙ ጭንብሉን አገጩ ላይ አውርዶ መጣና ቀዶ ሕክምናው በደህና መጠናቀቁን፣ ደሙ በአዲሱ መንገድ በደንብ እየሄደ መሆኑን ነገረኝ። ለወንድሜ ደውዬ ሁለታችንም ስልኩ ላይ አለቀስን። «ጎበዝ» አለኝ። ከእሱ አፍ ይህን ቃል ከሰማሁ ዓመታት አልፈው ነበር።

ፈተናው ግን ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። አባቴ ከጽኑ ሕሙማን ወደ ተራ ክፍል ሲወጣ አንዲት ሦስት ኳስ ያለባት የፕላስቲክ ዕቃ ተሰጠችን። በየሰዓቱ በቱቦዋ አየር እየሳበ ኳሶቹን ማንሣት አለበት፤ ካልሆነ ሳንባው ውኃ ይቋጥራል። ያመዋል፣ ስለዚህ ሰበብ ይፈጥራል። ማስገደድ የእኔ ሥራ ነው። ብቻውን እንዳይነሣም መጠበቅ አለብኝ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በዚያችው በአሥር ሰዓት ተኩል፣ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ጣለኝ። የነቃሁት በነርሷ ጩኸት ነው። አባቴ ሊቀሰቅሰኝ አሳዝኜው ብቻውን ወደ መጸዳጃ ሊሄድ ተነሥቶ፣ ጉልበቱ ከድቶት፣ ነርሷ ደርሳ በብብቱ ይዛው ነበር። ደረቱ ከተሰፋ ገና ሳምንት አልሞላውም።

ነርሷ አስተኝታው የአልጋውን ብረት ከፍ አድርጋ ወጣች። የአባቴን ማዘዣ ይዤ ወረድኩና ወደ ማዞሪያው መድኃኒት ቤት ሄድኩ። የአባቴን መድኃኒት ከተቀበልኩ በኋላ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ጠየቅሁ። ሰውየው በመነጽሩ በላይ አየኝ።

«የሐኪም ማዘዣ አለሽ?»

«የለኝም።»

«አልሸጥም።»

ለዚያኛው ለምን ሸጥክለት ብዬ ልከራከር አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። በዚያች ቅጽበት ያቆመኝ የራሴ ጥንካሬ ነበር ብዬ ልዋሽ አልችልም፤ ያቆመኝ ሰውየው ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ግን የእኔ ነው። ሌላ መድኃኒት ቤት ከመንገዱ ማዶ ነበረ፤ ምልክቱ በግልጽ ይታየኛል። አልተሻገርኩም። ተመልሼ ነርሷ ጠረጴዛ ፊት ቆምኩ።

«ተኝቼ ነበር» አልኳት። «አሁን ደግሞ የሚያነቃ ኪኒን ልገዛ ሄጄ ነበር። አልሸጥም አሉኝ። ምን ላድርግ?»

ብዕሯን አስቀመጠች። «ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚይዝሽ?»

«ከአሥር ሰዓት ተኩል ጀምሮ፣ እስከ አንድ።»

«በዚያ ሰዓት አትቀመጪ።»

«እና?»

«ቁሚ። ወንበሩን እኔ አወጣዋለሁ።»

እውነትም አወጣችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆስፒታል እስከቆየንበት መጨረሻ ድረስ በእነዚያ ሰዓታት አልተቀመጥኩም። አልጋው አጠገብ ቆሜ አባቴን አስተነፍሰዋለሁ፣ እግሩን እቀባዋለሁ፣ ቆሜ ብርቱካን እልጥለታለሁ። ዓይኔ ሲከደን በመስኮቱና በበሩ መካከል እመላለሳለሁ። አንዴ ቆሜ አንቀላፍቼ ግንባሬን ከግሉኮስ መስቀያው ጋር አጋጭቻለሁ። አባቴ ደረቱን በትራስ ይዞ ሳቀ፤ ሳቁ ስላመመው ደግሞ ተቆጣኝ። ሁለቱንም ኳስ አልፎ ሦስተኛውን ያነሣ ቀን ክፍሉ ውስጥ ያሉ በሽተኞች ሁሉ አጨበጨቡለት። እኔ ማጨብጨብ አልቻልኩም፤ እንደ ሕፃን እንሰቀሰቅ ነበር።

ሚስቱን የሚያሳክመው ሰው ሲጠይቀኝ ኪኒኑን እንዳልወሰድኩ ነገርኩት። ሁለተኛም እንዳያነሣብኝ ለመንኩት። «እሺ እኅቴ» አለ፤ አላነሣብኝም። ከእኛ በፊት ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሚስቱ በእግሯ እየሄደች ነበር።

ከአምስት ሳምንት በኋላ አርባ ምንጭ ገባን። ሰው ሁሉ የአባቴን ጠባሳ ሊያይ መጣ፤ ወንድሜም አራስ ልጁን ታቅፎ መጣ። እኔን ደግሞ «ወፈርሽ፣ ተስማማሽ» አሉኝ። እውነት ነው፣ የምግብ ፍላጎቴ ተመልሷል። የሲቀላዋን ክፍል ቁልፍ ለባልደረቦቼ መለስኩ። አንደኛው «ህንድ ሄደሽ ኮራሽብን» አለኝ። ሌላኛው በማግሥቱ ብቻዬን ሲያገኘኝ «እንዴት አድርገሽ ነው?» ብሎ በጆሮዬ ጠየቀኝ። ያለኝን ነገርኩት። የሚበቃው አልመሰለኝም።

ታሪኬ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። በሁለተኛው ወር፣ አባቴ በደህና ተነሥቶ በሴቻ አስፋልት ላይ ጠዋት ጠዋት መራመድ በጀመረ ጊዜ፣ የምጠብቀው በሽተኛ ባጣሁ ጊዜ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት እግሬ ሲቀላ ወሰደኝ። ምንም የደረሰብኝ ነገር አልነበረም። ሻጯ «ጠፋህ እኮ!» ብላ ዓይኗ በደስታ በራ። አንድ ዙርባ ጫት ገዝቼ፣ ቦይ ዳር ሙዝ ሥር ብቻዬን ተቀምጬ ቃምኩ። ጣዕሙ እንደማስታውሰው አልነበረም። ቢሆንም ጨረስኩት።

ማታ ቤት ስገባ ጥርሴን አልቦረሽኩም። አባቴ በረንዳ ላይ ራዲዮ ይሰማ ነበር። ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«ዛሬ ቃምኩ አባባ።»

ራዲዮውን ዘጋው። «ምን ልታደርጊ አስበሻል?»

«ብቻዬን አልችልም። ሐኪም ቤት ልሄድ።»

«ሰኞ እንሄዳለን» አለ።

«ሰኞ እኔ እሄዳለሁ» አልኩት። ትንሽ አሰበና ራሱን ነቀነቀ።

ሄድኩ። የአእምሮ ሕክምና ክፍሉ ደጅ ላይ ያለው አግዳሚ ላይ ስቀመጥ የማውቃቸው ሁለት ሰዎች አዩኝ፤ ሻሼን ፊቴ ላይ ልስበው አሰብኩና ተውኩት። ያነጋገረችኝ ባለሙያ ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች። የመጀመሪያውን ቀን ያወራሁት እኔ ነኝ፤ እሷ የምትጠይቀው አጭር አጭር ነው። በየሁለት ሳምንቱ እየሄድኩ ይኸው ስምንት ወር ሆነኝ። በመሐል አንዴ ወድቄያለሁ። እሱንም በነጋታው ሄጄ ነገርኳት። አሁንም ሱሰኛ ነኝ፤ ይህን ቃል መፍራት ትቻለሁ። አለቃዬን አነጋግሬ የመስክ ሥራዬን ወደ ከሰዓት አዛውሬዋለሁ፤ ቢሮ የምገባው ጠዋት ነው።

በመጪው ወር አባቴን ለክትትል ቼናይ መልሼ እወስደዋለሁ። ወንድሜ እሱ እንዲሄድ፣ እኔ እንዳርፍ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። አባቴ ሁለታችንንም አየና ምርጫውን ለእኔ ተወው። እሄዳለሁ አልኩ።